የደመወዝ ዋጋና የሐኪም ልቡና
የዚምባብዌ የጤና ባለሙያዎች ታሪክ፣ ከ1980 እስከ 2020

ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ሕመሙን ለሐኪሙ ይናገራል፤ ሐኪሙ ግን የራሱን ለማን ይናገር? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ሲነሣ የኖረ ቢሆንም የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሕክምና ሙያ የርኅራኄና የመሥዋዕትነት ሙያ ስለ ሆነ ባለሙያው እንደ ጧፍ ራሱን አቅልጦ ለሌላው ሊያበራ ይገባዋል ይባላል። አባባሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጧፍ ቀልጦ የሚያልቅ መሆኑን፣ ሰሙም በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል።

የኑሮ ውድነትና የደመወዝ መመናመን የጤና ባለሙያን አእምሮ በምን መንገድ እንደሚጎዳ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው የዚምባብዌ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በአርባ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያች አገር የጤና አገልግሎቷን ለገጠሩ ሕዝብ አዳርሳ የተመሰገነችበትን ዘመን፣ የባለሙያዎቿ ደመወዝ ዋጋ ቢስ ወረቀት የሆነበትንም ዘመን አይታለች። በዚያው በመከራው ዘመን ደግሞ የተጨነቀ አእምሮን በአነስተኛ ወጪ ለመርዳት የሚያስችል፣ ሌሎች አገሮችም የተከተሉት ዘዴ ከመካከሏ ወጥቷል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ኢትዮጵያን ከሚመለከቱት በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነጻነት በኋላ የነበረው ተስፋ

ዚምባብዌ ኤፕሪል 18 ቀን 1980 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የወረሰችው የጤና አገልግሎት ለሁለት ዓይነት ሕዝብ የተሠራ ነበር። በከተማ ለሚኖሩት ነጮች ዘመናዊ ሆስፒታሎች ነበሩ፤ በገጠር ለሚኖረው ጥቁር ሕዝብ ግን የሚስዮን ሆስፒታሎችና ተራርቀው የቆሙ ጥቂት ክሊኒኮች ብቻ ነበሩ። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ገቢያቸው በወር ከ150 የዚምባብዌ ዶላር በታች ለሆነ ሰዎች ሕክምና በነጻ እንዲሰጥ ወሰነ። በገጠር ጤና ጣቢያዎች ተሠሩ፤ የሕፃናት ክትባት ተስፋፋ፤ ከየመንደሩ የተመረጡ ሰዎችም ሠልጥነው በጤና ሥራ ላይ ተሰማሩ። በእነዚያ ዓመታት ነርስነትና ሐኪምነት ባለሙያውን የሚያስከብሩ፣ ቤተሰቡንም ከችግር የሚያወጡ ሙያዎች ነበሩ።

ይህ ሁኔታ በ1990ዎቹ ተለወጠ። በ1991 የተጀመረው የኢኮኖሚ መዋቅር ማስተካከያ መርሐ ግብር የመንግሥትን ወጪ ሲቀንስ የጤናው በጀት አብሮ ተቀነሰ፤ ሕመምተኞችም የሕክምና ክፍያ በጥብቅ ይጠየቁ ጀመር። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ የኤድስ በሽታ አገሪቱን አጥለቀለቃት። ዐሥር ዓመቱ ሊገባደድ ሲል ከአራት ዐዋቂዎች አንዱ ገደማ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ነበረበት። የቫይረሱ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች መሰጠት የጀመረው ግን በ2004 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ነርሶች ሊያድኗቸው የማይችሏቸውን ሰዎች ሲያስታምሙ፣ በሽታውም ከራሳቸው ቤትና ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል ሰው ሲወስድ ኖሩ። ሥራው በእጥፍ ሲጨምር የደመወዙ የመግዛት ዐቅም ግን ቀነሰ። በ1996 ነርሶችና ጀማሪ ሐኪሞች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላም ብዙዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ቦትስዋናና ወደ እንግሊዝ መሰደድ ያዙ።

አንድ ባልደረባ ሲሰደድ የሚቀረው ባዶ ወንበር ብቻ አይደለም። የእሱ ሕመምተኞች፣ የእሱ የሌሊት ተራ፣ የእሱም ኀላፊነት በቀሪው ትከሻ ላይ ይጫናል። የቀረውም ሰው በየማለዳው አንድ ጥያቄ ከራሱ ጋር ይሟገታል፤ «እኔስ እስከ መቼ?»

የሃያ አምስት ዜሮዎች ዘመን

ከ2000 በኋላ የእርሻ ምርት ወደቀ፤ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ መንግሥትም ጉድለቱን ገንዘብ በማተም ለመሙላት ሞከረ። የኋላ ኋላ የደረሰው የዋጋ ንረት በታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። መንግሥት ለጁላይ 2008 ያወጣው የዓመት አኀዝ 231 ሚሊዮን ከመቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን በመደበኛ ስሌት መከታተል አልተቻለም።

የንረቱን መጠን ለመረዳት የተሰረዙትን ዜሮዎች መቁጠር ይበቃል። በኦገስት 2006 ከገንዘቡ ላይ 3 ዜሮ ተሰረዘ። በኦገስት 2008 ሌላ 10 ዜሮ፣ በፌብሩዋሪ 2009 ደግሞ 12 ዜሮ ተሰረዘ። በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ በጠቅላላው 25 ዜሮ ተነሣ ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከአንድ ቀጥሎ ሃያ አምስት ዜሮ ተጽፎ የሚነበበው ገንዘብ ወደ አንድ ዶላር ተመለሰ። በጃንዋሪ 2009 የ100 ትሪሊዮን ዶላር ኖት ታትሞ ወጣ። አንዲት ነርስ ሃያ ዓመት ሠርታ ለጡረታዋ ያስቀመጠችው ጥሪት በዚህ ስሌት ምን እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም።

ደመወዝ በባንክ በኩል ይከፈል ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ቀን የሚወጣው ገንዘብ በመመሪያ የተወሰነ ስለ ነበረ ሠራተኛው ከባንክ ደጃፍ ተሰልፎ ይውላል። ወረፋው ሲደርሰው የሚያገኘው ገንዘብ ትናንት ሊገዛ ይችል የነበረውን ዛሬ አይገዛም። በመጨረሻም ደመወዙ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለሻ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ መጣ። እንግዲህ ወደ ሥራ መሄድ ራሱ ኪሳራ ሆነ። በሥራው ቦታ ደግሞ ጓንት የለም፤ መርፌ የለም፤ ውኃም ይጠፋል። ሕመምተኛው ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ዕቃ ገዝቶ እንዲመጣ ይነገረዋል፤ መግዛት ካልቻለ ሐኪሙና ሕመምተኛው ባዶ እጃቸውን ተፋጠው ይቀራሉ።

በኖቬምበር 2008 በዋና ከተማዋ በሐራሬ የሚገኙት ሁለቱ ታላላቅ ሆስፒታሎች፣ ፓሪሬኛትዋና ሐራሬ ሴንትራል፣ አገልግሎታቸውን በአብዛኛው አቋረጡ። የሕክምና ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በዚያው ወር ሐኪሞችና ነርሶች ስለ ደመወዛቸውና ስለ መሣሪያ እጦት አቤት ለማለት ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ በተናቸው። ይህ ሁሉ የሆነው የኮሌራ ወረርሽኝ ሕዝቡን በሚፈጅበት ወቅት ነበር። በኦገስት 2008 የጀመረው ወረርሽኝ በሚቀጥለው ዓመት አጋማሽ እስኪገታ ድረስ ከ98,000 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ ከ4,000 በላይ የሚሆኑትንም ገደለ። ኮሌራ በቂ ፈሳሽ በጊዜው ለሚሰጠው ሕመምተኛ ገዳይ በሽታ አይደለም፤ ሕክምናው ካለ ከመቶ ሕመምተኞች የሚሞተው ከአንድ በታች መሆን ይገባዋል። በዚምባብዌ ግን ከአራት በላይ ሞቱ። የሕክምናውን ዘዴ አሳምሮ ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ልዩነት ተራ አኀዝ አይደለም። ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ቍጥር ነው።

በአእምሮ ውስጥ የሚሆነው ነገር

ችግር ሰውን እንደሚያስጨንቅ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ጥናት የሚያስፈልገው ጭንቀቱ በየትኛው በር እንደሚገባ ለማወቅ ነው። ሳይንስ በዚህ ረገድ ቢያንስ ሦስት በሮችን ያመለክታል።

የመጀመሪያው የሐሳብ መጨናነቅ ነው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በህንድ አገር በታሚል ናዱ የሚኖሩ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመኸር በፊትና ከመኸር በኋላ በአእምሮ ፈተና መዝኖ ነበር። ገበሬዎቹ ገንዘብ ባጡበት ከመኸር በፊት ባለው ጊዜ ያገኙት ውጤት፣ እነዚያው ሰዎች ከመኸር በኋላ ካገኙት ያነሰ ሆነ። ዕውቀታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኪሳቸው ነው። የቤት ኪራይንና የልጆችን ምሳ የሚያሰላ አእምሮ ለሌላ ሐሳብ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ይሆናል። ይህ ግኝት በመድኃኒት መጠን ስሌት ላይ ለተቀመጠች ነርስ ወይም የቀዶ ሕክምና ቢላዋ ለያዘ ሐኪም ምን ትርጉም እንዳለው ግልጽ ነው።

ሁለተኛው የድካምና የዋጋ አለመመዛዘን ነው። የኅብረተሰብ ተመራማሪው ዮሐንስ ዚግሪስት በ1996 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ሠራተኛን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን ሳይሆን ብዙ ደክሞ የሚመጥነውን ዋጋ አለማግኘቱ ነው። ዋጋ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ክብርንና የወደፊት ተስፋንም ይጨምራል። በ2008 የዚምባብዌ ነርስ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አጣች። ደመወዟ ባዶ ሆነ፤ በሰልፍ ያሰማችው አቤቱታ በዱላ ተመለሰ፤ ነገም ከዛሬ የባሰ እንደሚሆን ገንዘቡ ራሱ በየዕለቱ ይነግራት ነበር።

ሦስተኛው የጤናውን ሙያ ከሌሎች ሙያዎች የሚለየው ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሩ ጄምተን በ1984 ስለ ነርሶች ሥነ ምግባር ሲጽፉ አንድ የተለየ ሥቃይ ለይተው አመለከቱ። ይኸውም ባለሙያው ሊደረግ የሚገባውን እያወቀ፣ የሚሠራበት ተቋም ሁኔታ እንዳያደርገው ሲያግደው የሚሰማው የኅሊና ጭንቀት ነው። ነጋዴ ዕቃ ቢጐድለው ገበያው ይቀዘቅዝበታል፤ ሐኪም መሣሪያ ቢጐድለው ግን ሰው ከፊቱ ይሞትበታል። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቱ የሚገባው በድካሙ ላይ ጸጸት ጨምሮ ነው፤ ጸጸቱም በራሱ ጥፋት ያልመጣ በመሆኑ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚባል ቃል አለ። ፍቺው ከልክ በላይ ማሰብ ማለት ሲሆን፣ አማርኛው «በሐሳብ መብሰልሰል» ከሚለው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በ1990ዎቹ በሐራሬ ይሠሩ የነበሩት ህንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቻቸው፣ ሕዝቡ ትካዜንና ጭንቀትን የሚገልጽበት አነጋገር ይህ መሆኑን ተገንዝበው፣ ከውጭ መጽሐፍ ሳይሆን ከሕዝቡ አነጋገር የተቀዳ 14 ጥያቄዎች ያሉት መመዘኛ አዘጋጁ። እንቅልፍ ይነሣሃል ወይ? ብዙ ነገር ታወጣለህ ታወርዳለህ ወይ? እንባህ ይመጣል ወይ? ጥያቄዎቹ የዚህን ዓይነት ናቸው።

ምክር የሚሰጥበት ወንበር

የመመዘኛው ታላቅ ጥቅም የታየው በኋላ ነው። በሜይ 2005 መንግሥት በከተሞች ያሉትን ፈቃድ የሌላቸውን ቤቶችና የገበያ ቦታዎች ያፈረሰበት ዘመቻ፣ የተባበሩት መንግሥታት ልዑክ ባቀረቡት ግምት መሠረት፣ 700,000 ያህል ሰዎችን ቤታቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን ወይም ሁለቱንም አሳጣ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ናቸው። በዚያው ዓመት ያክሟት የነበረች አንዲት ወጣት ራሷን አጠፋች። ወደ ሆስፒታል ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር ቤተሰቧ ስላጣ ነበር። ዶክተሩ ከዚህ ኀዘን የተማሩት ነገር ቢኖር፣ ሕክምናው ወደ ሕዝቡ ካልሄደ ሕዝቡ ወደ ሕክምናው የሚመጣበት ገንዘብ የሌለው መሆኑን ነው።

ሆኖም ሥራውን ለመጀመር የሚመደብ ነርስ አልተገኘም፤ ሁሉም ከዐቅማቸው በላይ ተጭነዋል። የሚሰጥ ክፍልም አልነበረም። የተገኙት ምባሬ በሚባለው የሐራሬ ሰፈር በጤና ቅስቀሳ ይሠሩ የነበሩ 14 አሮጊቶችና ከክሊኒኩ ውጭ ያለው ግቢ ብቻ ነበሩ። በ2006 በግቢው ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ተብሎ ስለ ነበር ሰው ሸሸው፤ አሮጊቶቹ ግን «ምክር የምንሰጥበት ወንበር» እንበለው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መጣ።

የአሮጊቶቹ ዘዴ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አእምሮን መክፈት፣ ማንሣት፣ ማጽናት። የመጣው ሰው ችግሮቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ከመካከላቸው አንዱን ይመርጣል፤ ለዚያ ለአንዱ የሚሞከር መላ ከአማካሪዋ ጋር ሆኖ ያበጃል። ለመጣው ሰው «አንተ በሽተኛ ነህ» የሚለው የለም፤ የቤት ኪራይ ያጣ እንደ ሆነ ችግሩ የቤት ኪራይ ነው ተብሎ ይወሰዳል። በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተካተቱበትና በ2016 የታተመው ጥናት የሥራውን ፍሬ አሳየ። ከስድስት ወር በኋላ የትካዜ በሽታ ምልክት የታየባቸው ከተለመደው አገልግሎት ተጠቃሚዎች ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ በወንበሩ ላይ ከተመከሩት ግን 14 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

እነዚያ 14 ጥያቄዎች ከጊዜ በኋላ ወደ ጠያቂው ዞሩ። በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በዚምባብዌ ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ የጤና ምርመራ ላይ፣ ከደም ግፊትና ከስኳር ጋር የአእምሮ ጭንቀትም በዚሁ መመዘኛ እንዲታይ ተደረገ። ለሕመምተኛው የተሠራው ሚዛን ለሐኪሙም እንደሚያስፈልግ በይፋ ታወቀ ማለት ነው።

«ዐቅም አጥተናል»

በፌብሩዋሪ 2009 የጥምር መንግሥት ተቋቁሞ ገበያው በውጭ ገንዘብ መሥራት ሲጀምር፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ በወር 100 የአሜሪካ ዶላር አበል ተሰጠ። ገንዘቡ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ዛሬ የገዛውን ነገም የሚገዛ በመሆኑ ሆስፒታሎቹ እንደገና ተከፈቱ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ወራት ሙሉ ማስፈራሪያና ልመና ያልመለሱትን ሠራተኛ፣ ሊታመን የሚችል አነስተኛ ገንዘብ መለሰው።

ዳሩ ግን ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም ነበር። በ2019 አገሪቱ ወደ ራሷ ገንዘብ ስትመለስ የዋጋ ንረቱም አብሮ ተመለሰ። ሐኪሞቹ የወር ደመወዛቸው ሲመነዘር 100 የአሜሪካ ዶላር እንደማይሞላ ይናገሩ ነበር። በሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩት ጀማሪ ሐኪሞች ወደ ሥራ መምጣት አቆሙ። ስለ ድርጊታቸው ሲጠየቁ ግን አድመናል አላሉም። ያሉት «ዐቅም አጥተናል» ነው። ለመሳፈሪያ የለንም፤ ብንመጣም የምንሠራበት መሣሪያ የለም ማለታቸው ነበር።

የዚህ ቃል ምርጫ የሕግ ብልሃት ነው ያሉ አልጠፉም። የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ። ቃሉን ከአእምሮ ጤና አንጻር ለሚመለከተው ግን ትክክለኛ የሕመም መግለጫ ሆኖ ይገኛል። አድማ ዐቅም ያለው ሰው ዐቅሙን የሚከለክልበት እርምጃ ነው። ሐኪሞቹ የገለጹት ግን የሚከለክሉት ዐቅም የጠፋ መሆኑን ነበር። የሐኪሞቹ ማኅበር ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ዶክተር ፒተር ማጎምቤዪ በሴፕቴምበር 14 ቀን ደብዛቸው ጠፍቶ ከአምስት ቀን በኋላ ከከተማው ውጭ ተገኙ፤ ባልደረቦቻቸውም ፍርሃትን በችግር ላይ ጨመሩ። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ከ400 በላይ ሐኪሞች ከሥራ ተባረሩ። በጃንዋሪ 2020 አንድ የግል የበጎ አድራጎት ድርጅት ለሐኪሞቹ የኑሮ ድጎማ ለመስጠት ከተስማማ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህም ሁለተኛ ጊዜ የሆነ ማስረጃ ነው፤ በር የዘጋው የኑሮ ችግር ነበርና በሩን የከፈተው የኑሮ ድጎማ ሆነ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው ከባድ ስለ ሆነ ሌሎች አገሮች ሠራተኛ እንዳይመለምሉባቸው ብሎ በዘረዘራቸው 55 አገሮች ውስጥ ዚምባብዌም ኢትዮጵያም ይገኛሉ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም የኑሮው ክብደት ተሰምቷል፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄያቸውን ሥራ እስከ ማቆም ድረስ አሰምተዋል። የሁለቱ አገሮች ሁኔታ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የአንዱ አገር ልምድ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል ማለት እንጂ።

ማስጠንቀቂያውም ይህ ነው። የጤና ባለሙያ በኑሮ ሲጨነቅ የሚታየውን ዝለት፣ ቍጣና ግዴለሽነት የጠባይ ጉድለት ወይም የርኅራኄ ማነስ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። ምሰሶ ከሚችለው በላይ ተጭኖ ቢሰነጠቅ ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ደመወዝ ብቻ ሁሉን ይፈውሳል ማለትም አይቻልም፤ በሐሳብ የሚብሰለሰል ሰው የሚያዳምጠው ያስፈልገዋልና። የምባሬ አሮጊቶች ያስተማሩት ሁለቱን ሳይነጣጥሉ መያዝን ነው። ሰውን ያዳምጣሉ፤ አዳምጠው ሲጨርሱ ግን ወደ ተጨባጩ ችግር ይመለሳሉ፤ «ኪራዩ ስንት ነው? ከየት ይገኛል?» ይላሉ።

ለሕመምተኛው የተዘጋጀው ወንበር ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ነው። በአንደኛው ጫፍ ሐኪሙም የሚቀመጥበት ቀን እንደሚመጣ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ የበጀት ሹም፣ የሙያ ማኅበርም ቢያስቡበት መልካም ነው። በዚያን ቀን «በርታ» ብሎ ማሰናበት አይበቃም፤ ምን እንደ ጐደለው መጠየቅ፣ የጐደለውንም መቍጠር ያስፈልጋል።